የሰውነት ጽናት ከወገብ ይጀምራል

ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ



አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ ሰው ብርታት ሲናገሩ ክንድን ብቻ አያነሡም። ለሥራ ቈርጦ የተነሣውን ሰው «ወገቡን ታጥቆ ተነሣ» ይሉታል፤ ልጁን ወይም ወንድሙን የቀበረ ሰውም የኀዘኑን ጥልቀት ሲገልጽ «ወገቤ ተቈረጠ» ይላል። ሉልን ለሁለት እኩል የሚከፍለውን መሥመር እንኳ የምድር ወገብ ብለን እንጠራዋለን። ከዚህ አነጋገር እንደምንረዳው፣ ሰው የሚቆመውም፣ የሚሸከመውም፣ የሚታገለውም በመካከለኛው አካሉ ኃይል መሆኑን የቀደሙት ሰዎች መጽሐፍ ሳያገላብጡ በኑሮ ብቻ ዐውቀውት ነበር።

በዛሬው ዘመን ግን ይህ ዕውቀት እየተዘነጋ የሄደ ይመስለኛል። ስለ ጡንቻ ወሬ በተነሣ ቍጥር ወንዶቹ ጓደኞቻችን ክንዳቸውን አጥፈው ያሳዩናል፤ ስለ ሆድ ሲነሣም በስልክ ላይ ያዩትን፣ በስድስት የተከፋፈለውን ሆድ ይመኛሉ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ «ጡንቻ የወንድ ነገር ነው» ተብለን ከዳር ቆመን እናያለን። ወገብ የሚታወሰው በታመመ ጊዜ ብቻ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ ይህን አሳብ ለማቅረብ የተነሣሁትም ስለዚህ ነው።

አሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ የወገብን፣ የሆድንና የጀርባን ጡንቻ ማጠንከር ለስፖርተኛ ወይም ለመልክ ብቻ የሚፈለግ ነገር ሳይሆን ለማንኛውም ተማሪ የሚያስፈልግ መሠረታዊ ነገር ነው። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርታችን ከዚህ ይጀምር፤ ወንድና ሴት ሳይባል ሁሉም ይሥራው፤ ፈተና በቀረበ ቍጥርም ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት አይወሰድ።

አስቀድሜ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። እዚህ ላይ ወገብ ስል መቀነት የሚታሰርበትን ስፍራ ብቻ ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ኮር» የሚባለውን፣ ከጎድን አጥንት ጀምሮ እስከ ዳሌ ድረስ ያለውን አካል ዙሪያውን ይዘው የሚያጸኑትን ጡንቻዎች ሁሉ ማለቴ ነው። ነገሩ በቀላሉ እንዲገባን አንድ ሣጥን እናስብ። የሣጥኑ ክዳን በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋው፣ ስንተነፍስም ከፍና ዝቅ የሚለው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ነው። ወለሉ በዳሌ አጥንት ውስጥ ከታች ተዘርግተው ፊኛንና ሌላውንም የውስጥ ዕቃ የሚደግፉት ጡንቻዎች ናቸው። የፊት ግድግዳው ከደረት እስከ ዳሌ ቀጥ ብሎ የሚወርደው የሆድ ጡንቻ ሲሆን፣ ስድስት ሆኖ ይታያል እየተባለ የሚወራለት ይኸው ነው። የጎን ግድግዳዎቹ በሰያፍ የተዘረጉት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለመዞር የሚያገለግሉት ጡንቻዎች ናቸው። የኋላ ግድግዳው ደግሞ በአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ያሉት የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሆድን ከጀርባ ጀምሮ ልክ እንደ መቀነት የሚጠመጠም አንድ ስስ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ በመስተዋት ፊት አይታይም፤ ሥራው ግን ከሚታዩት አያንስም። የመቀመጫ ጡንቻዎችም ዳሌን አጽንተው ስለሚይዙ ከዚሁ ማኅበር የሚቈጠሩ ናቸው።

አከርካሪው ራሱን ችሎ የቆመ የሚመስለው ሰው አይታጣም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተመራማሪዎች ከሞተ ሰው የተወሰደውን የወገብ አከርካሪ፣ ጡንቻው ተለይቶ አጥንቱና ጅማቱ ብቻ እንዲቀር አድርገው፣ ምን ያህል ክብደት ሊችል እንደሚችል ፈትነውታል። የተገኘውም ውጤት፣ 90 ኒውተን ያህል፣ ይኸውም ወደ 9 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ሲጫንበት የሚታጠፍ መሆኑ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ማለት ከግማሽ ጀሪካን ውሃ ያነሰ ነው። ከወገባችን በላይ ያለው ደረታችን፣ ክንዳችንና ራሳችን ብቻውን ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ይመዝናል። እንግዲያስ ቀጥ ብለን እንድንሄድ የሚያደርገን ምንድር ነው? ጡንቻው ነው። በሠርግ ወይም በልቅሶ ቤት የሚተከለውን ድንኳን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ምሰሶው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዙሪያው ያሉት ገመዶች በካስማ ተወጥረው ስለሚይዙት ነው። ከገመዶቹ አንደኛው ቢላላ ምሰሶው ያዘነብላል፤ ሁሉም ቢላሉ ይወድቃል።

ከዚህ ሌላ እነዚህ ጡንቻዎች የሚሠሩት ጐንበስ ቀና ስንል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውስትራልያ አገር አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። ሰዎች ቆመው ክንዳቸውን በፍጥነት እንዲያነሡ ባደረጉ ጊዜ፣ ያ እንደ መቀነት የሚጠመጠመው ጡንቻ ሥራውን የጀመረው ክንዱ ገና ሳይነሣ ነው። አካል አስቀድሞ መሠረቱን አጽንቶ ከዚያ በኋላ ክንዱን ይልካል ማለት ነው። የጀርባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ይኸው ጡንቻ ዘግይቶ ሲነሣ ተገኝቷል። እንግዲህ በጥቍር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው መምህር፣ ኳስ የሚመታው ተጫዋች፣ እንጀራ የምትጋግረው እናት ሁሉም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከወገብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እስክስታ የሚመታውን ሰው እንኳ ልብ ብለን ብንመለከተው፣ ትከሻው እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ወገቡ ጸንቶ ባይዘው ኖሮ ጭፈራው መልክ ባልኖረው ነበር።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልለፍ።

1ኛ/ ሸክምን ያካፍላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድን ዕቃ ከመሬት ስናነሣ ሆድ፣ ጎን፣ ጀርባና መቀመጫ ተባብረው ከያዙት ክብደቱ ለሁሉም ይደርሳል። የደከሙ ከሆነ ግን ክብደቱ በጥቂት የጀርባ ጡንቻዎችና በአከርካሪው ላይ ይወድቃል።

2ኛ/ አቀማመጥንና አቋቋምን ያሳምራል። በክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ሳንቀመጥ የምንጐብጠው ሁልጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ አካላችንን የሚይዙት ጡንቻዎች ቶሎ ስለሚደክሙ ነው። የጸና ወገብ ያለው ተማሪ ቀና ብሎ ለመቀመጥ ብዙ አይታገልም፤ ትከሻውና አንገቱም ያርፉለታል።

3ኛ/ ሚዛንን ይጠብቃል። በጭቃ መንገድ ላይ እግራችን ቢንሸራተት ከመውደቅ የሚያድነን በቅጽበት የሚወጠረው የወገባችን ጡንቻ ነው። ይህ ነገር በተለይ ለአያቶቻችን ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በእርጅና ዘመን መውደቅ ብዙ ሰው የዳሌ አጥንቱን እንዲሰበር የሚያደርግ ነውና።

4ኛ/ ለማንኛውም ስፖርት መሠረት ነው። ሯጭ በያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፈው በአንድ እግር ብቻ ስለ ሆነ፣ በሌላው ጎን ያለው ዳሌ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው የመካከለኛው አካል ጡንቻ ነው። ይህ ሲደክም ሯጩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ኃይሉን በከንቱ ያባክናል።

ለዚህ ለመጨረሻው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ውድድር ያሸነፈ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአንድ ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ዳግመኛ አሸነፈ። በስታዲየሙ የነበረውን ሕዝብ ይበልጥ ያስገረመው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ሁለተኛው ሯጭ ገና አራት ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ አበበ ከሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን እያነሣና እያጠፈ፣ ጐንበስ እያለም የእግሩን ጣት እየነካ ጂምናስቲክ ይሠራ ጀመር። ድሉ የተገኘው በዚህ እንቅስቃሴ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የዓለም አንደኛ የሆነው ሰው ሩጫን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን የሚያሠራ ሰው እንደ ነበረ ይህ በቂ ምስክር ነው።

እንግዲህ በትምህርት ቤታችን ያለውን ሁኔታ ደግሞ እንመልከት። ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምረን በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። ቤታችን ከገባን በኋላም ለጥናት እንቀመጣለን፤ ከጥናቱ በኋላ ደግሞ በስልክ ላይ አጐንብሰን እንቀመጣለን። ቦርሳችንን የምናንጠለጥለው፣ ሁለት ማንገቻ እያለው፣ በአንድ ትከሻ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኳስ ይሰጠናል፤ ሃያ ሁለቱ ሲጫወቱ የቀረነው ሹራባቸውን ይዘን በግድግዳው ጥግ እንቀመጣለን። ፈተና ሲቃረብም ይኸው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ ማካካሻ ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለው ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ፣ ከዚህም ውስጥ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲሠራ ይመክራል። በግድግዳው ጥግ የምንቀመጠው ከዚህ ምን ያህሉን እናገኛለን?

ይኸው ድርጅት በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም እንደ ነበረባቸው፣ ሕመሙም ሰዎችን ከሥራቸውና ከኑሯቸው ከሚያሰናክሉት ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያው መሆኑን ይገልጻል። የወገብ ሕመም የሽማግሌ በሽታ ነው ብለን የምንንቀው ነገር አይደለም። በየቤታችን ወንበር ይዞ የሚነሣ፣ ለመጐንበስ የሚፈራ አባት ወይም እናት አለ። የእኛም አካል ወደዚያው እንዳያመራ አሁን ልንጠነቀቅለት ይገባል።

በፈተና ጊዜ የሚደረገው ነገርም አንድ ቃል ያስፈልገዋል። የሆድ ጡንቻ የሚፈተነው በብዙ ስፍራ «በአንድ ደቂቃ ስንት ሲት አፕ ሠራህ?» በሚል ጥያቄ ነው። ተማሪው ቍጥሩን ለማብዛት ሲል አንገቱን በእጁ እየጐተተ፣ ወገቡን ከመሬት እያላተመ ይነሣል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል እንኳ ወታደሮቹን ለብዙ ዘመን በሲት አፕ ሲፈትን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያን ትቶ ቀጥ ብሎ መቆየትን በሚጠይቀው «ፕላንክ» በተባለው እንቅስቃሴ ተክቶታል። ምክንያቱም ወገብን በችኮላ ደጋግሞ ማጠፍ ለታችኛው ጀርባ ጫና ያበዛል፤ የእነዚህ ጡንቻዎች ዋናው ሥራ ደግሞ አካልን ማጠፍ ሳይሆን እንዳይታጠፍ አጽንቶ መያዝ ነው። ፕላንክ ማለት በአማርኛችን ሳንቃ ማለት ስለ ሆነ፣ እኔም ከዚህ በኋላ ሳንቃ ብዬ እጠራዋለሁ።

ማንም ተማሪ በቤቱ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ዘርግቶ ያለ አንዳች መሣሪያ ሊሠራቸው የሚችሉ አምስት እንቅስቃሴዎች እነሆ፦

1ኛ/ ሳንቃ፦ በደረት ተኝቶ፣ ክርኖችን በትከሻ ትክክል አድርጎ፣ በክርንና በእግር ጣት መነሣት። ከራስ እስከ ተረከዝ ያለው አካል እንደ ሳንቃ ቀጥ ይበል፤ መቀመጫ ወደ ላይ አይውጣ፣ ሆድም ወደ ታች አይንጠልጠል። ለጀማሪ የከበደ እንደ ሆነ ጉልበትን መሬት አስነክቶ መጀመር ይቻላል።

2ኛ/ የጎን ሳንቃ፦ በጎን ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ በአንድ ክርን ተደግፎ ዳሌን ከመሬት ማንሣት። ከዚያም በሌላው ጎን መድገም። የበረታ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይሠራዋል።

3ኛ/ እጅና እግር መዘርጋት፦ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅን ወደ ፊት፣ ግራ እግርን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፤ ቀጥሎም ማለዋወጥ። በወገባችን ላይ ቡና የተሞላ ሲኒ የተቀመጠ ይመስል፣ ቡናው እንዳይፈስስ ተጠንቅቆ መሥራት ነው።

4ኛ/ ድልድይ፦ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ፣ ከጉልበት እስከ ትከሻ አንድ መሥመር እስኪሆን ድረስ ዳሌን ማንሣት። ይህ በተለይ የመቀመጫን ጡንቻ ያሠራል።

5ኛ/ ከፊል መነሣት፦ በጀርባ ተኝቶ፣ አንዱን ጉልበት አጥፎ ሌላውን ዘርግቶ፣ ሁለቱን እጆች ከወገብ ሥር አድርጎ ራስንና ትከሻን ከመሬት ጥቂት ብቻ ማንሣት። እንደ ሲት አፕ እስከ መቀመጥ አይደረስም።

ከእነዚህ 2ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው፣ በካናዳ አገር በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ አከርካሪን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ስቱዋርት ማክጊል አንድ ላይ እንዲሠሩ የመከሯቸው ሦስቱ ናቸው። እያንዳንዱን 10 ሴኮንድ ያህል ይዞ መቆየት፣ ጥቂት ማረፍና አራት ወይም አምስት ጊዜ መድገም ለጀማሪ ይበቃል። አምስቱም ሲሠሩ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጡም። በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራ፤ ሰውነት ሲለምድ ጊዜው በጥቂቱ ይጨመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፣ በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ሳንቃ ለመቆየት የሚሽቀዳደም ሰው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

ሲሠራ ትንፋሽን አምቆ መያዝ አይገባም። ሆድንም ወደ ውስጥ መሳብ ሳይሆን፣ ሰው ሆዳችንን ሊመታን ሲቃጣ እንደምናደርገው ዙሪያውን ማጠንከር ነው። ይኸው ዘዴ ጀሪካን በምናነሣበትም ጊዜ ያገለግላል። ወደ ጀሪካኑ መጠጋት፣ ከጉልበትና ከዳሌ መታጠፍ፣ ሆድን ማጠንከር፣ ከዚያ መነሣት፤ ይዞ እየተነሡም ወደ ጎን አለመዞር ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሲቻል በአንድ እጅ ከመሸከም በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን አካፍሎ በግራና በቀኝ መያዝ ለወገብ ብዙ ይቀልለዋል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ጡንቻ ሲደክም የሚሰማው መቃጠል ጤናማ ነው፤ እንደ ጦር የሚወጋ ሕመም ግን ወዲያው እንድናቆም የሚነግረን ምልክት ነው። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይጀምር። ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቈጣጠር ያቃተው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል። ቀዶ ሕክምና ያደረገና ነፍሰ ጡር የሆነችም አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

እውነትን ለመናገር ይህ እንቅስቃሴ የማያደርገውንም መግለጽ አለብኝ። የሆድ እንቅስቃሴ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም፤ ስብ የሚቀንሰው በመላው አካል ሲሆን፣ ይህም የሚገኘው በአመጋገብና በጠቅላላ እንቅስቃሴ ነው። ለቈየ የጀርባ ሕመም የሰውነት እንቅስቃሴ ከመቀመጥ የሚሻል መሆኑ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ነገር ግን አንዱ ዓይነት እንቅስቃሴ ከሌላው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ በረጅም ጊዜ አልተገኘም። ስለዚህ ዋናው ነገር ተአምር መጠበቅ ሳይሆን ሳያቋርጡ መሥራት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። አንዳንድ ወላጆች «እኛ ያደግነው እንጨት ለቅመን፣ ውሃ ቀድተን፣ እህል ፈጭተን ነው፤ ጂምናስቲክ የሥራ ፈት ነገር ነው» ይላሉ። የእናቶቻችን ብርታት ለእኛ መከበሪያችን ነው። ይሁን እንጂ ሸክምና ልምምድ አንድ አይደሉም። ልምምድ የሚጀምረው ከቀላሉ ነው፤ በአቅም ልክ ይጨምራል፤ ዕረፍትም አለው። ሸክም ግን የጀርባን አቅም አይጠይቅም፤ ዛሬ የደከመች ልጅ ውሃው ነገ ይቀርላት ዘንድ አይችልም። ሁልጊዜም የሚጫነው በአንድ አቅጣጫ ነው። በእኛ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ከመጠን በላይ የሚሸከሙ ልጆች አሉ፤ ቧንቧው በግቢያቸው፣ ወፍጮው በሰፈራቸው ሆኖላቸው ምንም የማይሸከሙም አሉ። የፊተኞቹ ሸክማቸውን ያለ ጉዳት እንዲችሉት፣ የኋለኞቹም አካላቸው ሥራ እንዳይፈታ፣ ሁለቱም ይህ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል።

ሌሎች ደግሞ «ይህ ለሴት ልጅ አይሆንም» ይላሉ። ከሁሉ ይልቅ ይህን አነጋገር አልቀበለውም። ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው? ልጅ የሚያዝለው ማን ነው? ነገ እርግዝናን የሚሸከመው የማን ወገብ ነው? ሸክሙ ለሴት ሆኖ ማጠንከሪያው ለወንድ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ብዙዎቻችንን የሚከለክለን ስንፍና ሳይሆን ልብሳችን ነው፤ በዩኒፎርም ቀሚስ መሬት ላይ ተኝቶ እግር ማንሣት አይቻልምና። የሰውነት ማጎልመሻ ባለበት ቀን ቱታ ለብሰን እንድንመጣ ቢፈቀድልን ይህ ችግር በአንድ ቀን ይወገዳል።

አካላቸው የተጐዳ ጓደኞቻችንም ከዳር መቅረት የለባቸውም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ወገብና ክንድ ለሁሉ ነገር መደገፊያው ናቸው። ያው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሰለሉ በኋላ፣ በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳድሯል። ለእነዚህ ጓደኞቻችን መምህሩ እንደ አቅማቸው የሚሠሩትን መርጦ ቢሰጣቸው ከእኛ የሚያንሱበት ነገር አይኖርም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የጊዜ ነው። «ተማሪው ፈተናውን ማለፍ አለበት፤ ለዚህ የሚሆን ጊዜ የለም» ይባላል። ሩብ ሰዓት በሳምንት ሦስት ጊዜ ማለት አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ይኸውም አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ነው። በሳምንት ውስጥ በስልክ ላይ ከምናሳልፈው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደግሞም ወገቡን እያመመው የሚያጠና ተማሪ ለገጹ የሚሰጠው ልብ በሕመሙ ይሰረቅበታል።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ልመና እንደሚከተለው ነው። የተከበራችሁ መምህራን፣ የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ በእነዚህ እንቅስቃሴዎች ይጀመርልን፤ ኳሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ስትፈትኑንም የሲት አፕ ቍጥር ከምትቈጥሩ፣ አካላችንን አስተካክለን መያዝ መቻላችንን ተመልከቱ። በፈተና ሰሞንም ይህን ክፍለ ጊዜ አትውሰዱብን። የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ማታ ማታ ሰሌን ዘርግታ ሳንቃ ስትሠራ ብታዩአት አትሣቁባት፤ እንዲያውም ከጎኗ ሆናችሁ ብትሞክሩት ለእናንተም ይጠቅማችኋል። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፣ የሚታየውን ስድስት ትታችሁ የማይታየውን መቀነት አጥብቁ፤ ቦርሳችሁንም በሁለቱም ትከሻ ተሸከሙ።

ከመካከላችን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ገበሬ፣ ወታደርና መምህር የሚሆን አለ። የምንይዘው ሥራ ልዩ ልዩ ቢሆንም ሁላችንም ለሥራው የምንታጠቀው አንድ ወገብ ብቻ ነው። ይህ ወገብ በገበያ የማይገዛ፣ ሲሰበርም የማይለወጥ ስለ ሆነ፣ ገና በወጣትነታችን ሳለን እናጽናው።